የበር ዕድሜ በእግሩ ነው

ቤት ያለ በር ቤት አይባልም። በር ብርዱን፣ ነፋሱን፣ ሌባውንና አውሬውን ይመልሳል። ማታ ዘግተነው እንተኛለን፤ ጧት ከፍተነው እንወጣለን። ታዲያ ስለ ጣራውና ስለ ግድግዳው ስንጨነቅ በሩን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ክረምት ሲገባ ያብጥና አልዘጋ ይላል። በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከታች ይበሰብሳል። ከዚያ ሌላ ዛፍ እንቆርጣለን፣ ወይም ሌላ ገንዘብ እናወጣለን።

በዚህ ትምህርት የእንጨት በር እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚገጠምና እንዴት እንደሚጠበቅ እንማራለን። ምሳሌያችን የአዲስ አበባ መሐል፣ ቂርቆስና ካዛንቺስ ነው። ነገሩ ግን ለገጠሩም ቤት ያው ነው። የከተማው በርም ቢሆን ከዛፍ የተሠራ ነውና።

የካዛንቺስ በሮች

ካዛንቺስ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ስሙ የመጣው ከጣልያንኛ ነው። ጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው። ድርጅቱ ባጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር። በጣልያንኛ «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ።

በሰፈሩ የጭቃ ቤቶችም ብዙ ነበሩ። ግድግዳቸው ባሕር ዛፍ፣ ምርጊታቸው ጭቃና ጭድ ነበር። ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ቶሎ ስለሚያድግ ለከተማው ማገዶም የቤት መሥሪያም ሆነ።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ሄዱ። ቤት ሲፈርስ ምርጊቱ ተመልሶ አፈር ይሆናል። በር ግን ተነቅሎ፣ ተጭኖ፣ ሌላ ቤት ላይ ሊገጠም ይችላል።

እንግዲህ አንዲት እናት ከፈረሰ ቤታቸው ያወጡትን በር ደጅ ላይ አስደግፈውታል እንበል። አንድ ወጣት መጥቶ፣ «እማማ፣ ይኼን አሮጌ በር ምን ያደርጉልዎታል? ለማገዶ አይሸጡትም?» አላቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ እግሩን እየው» ብለው መለሱለት። እኚህ እናት ልክ ናቸው። የበር ዕድሜ የሚታወቀው በእግሩ ነው።

በር ለምን ከታች ይበሰብሳል?

ዛፍ ቆሞ ሳለ ውሃ ከሥሩ ወደ ቅጠሉ የሚወስዱ በጣም ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉት። ዛፉ ተቆርጦ ጣውላ ከሆነ በኋላም ቧንቧዎቹ አይጠፉም። ስለዚህ እንጨት ውሃ በብዛት የሚጠጣው በጎኑ ሳይሆን በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው። የበር ጣውላ ደግሞ ቆሞ ስለሚገጠም ጫፉ ወደ መሬት ይሆናል። ከጣራ የሚወርደው ዝናብ መሬት ነክቶ ሲፈናጠር ያንን ጫፍ ያርሰዋል። እንጨቱ ረጥቦ ሲከርም ሻጋታ ያበሰብሰዋል። ምስጥም ከአፈር ወጥቶ የሚገባው በእግሩ በኩል ነው።

ሌላም ነገር እንወቅ። እንጨት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። የሚያብጠውም በወርዱ እንጂ በቁመቱ ብዙም አይደለም። በአዲስ አበባ ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በግንቦት ልክክ ብሎ የተገጠመ በር በሐምሌ አልዘጋ የሚለው ለዚህ ነው። በሐምሌ ተናደን ብንልገው ደግሞ በጥር ነፋስ የሚያስገባ ክፍተት እናገኛለን።

በር ስንመርጥ

ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ለበር የታወቁ እንጨቶች ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ዛፎች ከደናችን እየሳሱ ሄደዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ደህና የዋንዛ በር ያለው ሰው ጠግኖ ይያዘው እንጂ ለማገዶ አይስጠው። የባሕር ዛፍ ጣውላ በቀላሉ ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን የመጣመምና የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። በደንብ ሳይደርቅ በር አይሠራበት። ቺፑድ ውሃ ሲነካው አብጦ ስለሚፈርስ ለውጭ በር አይሆንም።

አዲስም ሆነ አሮጌ በር ስንገዛ እነዚህን እንይ፦

1. በሩን አጋድመን አንድ ዓይናችንን ጨፍነን በጠርዙ በኩል እንመልከት። ጠማማ ከሆነ ይታየናል።
2. እግሩን በምስማር ወጋ ወጋ እናድርግ። ምስማሩ እንደ ቅቤ ከገባ በስብሷል።
3. ትናንሽ ቀዳዳና ዱቄት ካለ ነቀዝ ገብቶበታል።
4. ቀለሙ አያታለን። አዲስ ቀለም የበሰበሰ እንጨት ሊሸፍን ይችላል።

እግሩ ብቻ የተበላሸ በር አይጣልም። አናጢ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጦ፣ ደረቅ እንጨት በኮላና በብሎን ሊቀጥልበት ይችላል።

በር ስንገጥም

በመጀመሪያ የበሩን ቦታ እንለካ። ወርዱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለክተን ትንሹን ቁጥር እንያዝ።

ቀጥሎ መቃኑን እናቁም። መቃኑ ከደረቅ ሞራሌ ይሠራ። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ፣ ጉበኑ አለማዘንበሉን በውሃ ልክ እናረጋግጥ። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በገመድ በሰያፍ እንለካ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ መቃኑ ልክ ነው። የመቃኑ እግር አፈር ውስጥ አይቀበር፤ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ ይቁም።

በበጋ የሚገጠም በር በግራና በቀኝ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ከታች ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው። ከባድ በር በሁለት ሳይሆን በሦስት ማጠፊያ ይያዝ። ጣውላ ተደርድሮ የሚሠራ በር ሰያፍ እንጨት ያስፈልገዋል። ሰያፉ ከታችኛው ማጠፊያ ጎን ተነሥቶ በቁልፉ በኩል ወደ ላይ ይውጣ። እንዲህ ከሆነ ክብደቱን ተሸክሞ በሩ እንዳያዘነብል ይይዘዋል።

በሩ ከመሰቀሉ በፊት ስድስቱም ገጽ ቀለም ወይም ዘይት ይቀባ። ስድስት ማለታችን ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሁለቱን ጎን፣ ራሱንና እግሩን ነው። ከተሰቀለ በኋላ እግሩን መቀባት አስቸጋሪ ነው። ብዙ በር የሚጠፋው በዚህች መርሳት ነው።

በር ስንጠብቅ

ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን። በየዓመቱ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ በሩን እንመርምር። የተላጠ ቀለም ካለ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን እንቀባው። የተልባ ዘይትም ጥሩ ነው፤ ስስ አድርጎ እየቀቡ ማድረቅ ነው። የቀባንበትን ጨርቅ ግን ጨብጠን አንጣለው። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተከምሮ ሲቀመጥ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። ዘርግተን እናድርቀው።

ደጃፉ ላይ የተከመረ አፈር ካለ እንጥረገው፤ ውሃውም ከቤት እንዲርቅ ቦይ እንቅደድለት። የላላ ብሎን እናጥብቅ። በሐምሌ በሩ ቢጠብቅ መላጊያ ከማንሣታችን በፊት ማጠፊያው አለመላላቱን እንይ። እሱ ደህና ከሆነ እስኪደርቅ እንታገሥ።

አንድ ነገር አንርሳ። ልጆች ቤት ውስጥ ሳሉ በሩን ከውጭ ቆልፈን አንሂድ። እሳት ቢነሣ መውጫ የላቸውም።

በሩ የቆመ ዛፍ ዋጋ ነው። እግሩን ካደረቅንለት ከእኛ አልፎ ለልጆቻችን ይደርሳል። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ተሸክመነው እንሄዳለን።

ጥያቄዎች

1. ካዛንቺስ የሚለው ስም ከምን መጣ?
2. እንጨት ውሃ በብዛት የሚጠጣው በየት በኩል ነው?
3. በሐምሌ የጠበቀ በር ወዲያው ቢላግ በበጋ ምን ይሆናል?
4. በር ከመሰቀሉ በፊት የሚቀቡት ስድስት ገጾች የትኞቹ ናቸው?
5. ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የበራችሁን እግር ተመልከቱ። ያያችሁትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።