አልከፈት ያለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክን መመርመር

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ይዘቱ አልታይ ሲል፣ ጉድለቱ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ፣ በገመዱና በሳጥኑ ውስጥ ባለው የማገናኛ ሰሌዳ፣ በፋይል ሥርዓቱ ወይም በራሱ በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል። የፋይል ሥርዓት የሚባለው እያንዳንዱ ፋይል በዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠ የሚመዘገብበት ማውጫ ሲሆን፣ ዊንዶውስን የመሰለ ሥርዓተ ክወና ይህን ማውጫ አንብቦ ፎልደሮቹን ለተጠቃሚው ሲከፍት ዲስኩ «ማውንት ሆነ» ይባላል። ማውጫው ሳይነበብ ቢቀርም ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ በቦታቸው ስለሚገኙ፣ ተፈላጊው መረጃ ወደ ሌላ ቦታ እስኪገለበጥ ድረስ በዲስኩ ላይ አንዳች ነገር አለመጻፍ የምርመራው ሁሉ መሠረታዊ ደንብ ነው።

ይህ ደንብ ሳይታሰብ የሚጣሰው ዊንዶውስ «ዲስኩ ፎርማት መደረግ አለበት» ወይም «ኢኒሻላይዝ ይደረግ» የሚል መልእክት ሲያወጣ ነው። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን በአዲስ ስለሚተካ የፋይሎቹን ስምና የፎልደሮቹን አቀማመጥ ያሳጣል፤ ሙሉው ፎርማት ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ መላውን ዲስክ በዜሮ ስለሚሞላ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር አይኖርም። ስለሆነም ለሁለቱም መልእክቶች እሺታ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ምርመራው የሚጀምረው ከኤሌክትሪኩና ከድምፁ ነው። ባለ 2.5 ኢንቹ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ኃይሉን የሚያገኘው ከዩኤስቢው ሲሆን፣ መደበኛው የዩኤስቢ 2.0 ማስገቢያ እስከ 500፣ የዩኤስቢ 3.0 ማስገቢያ ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር የሚፈልገው ኃይል ከወትሮው ስለሚጨምር በረጅም ገመድ ወይም የራሱ ኃይል በሌለው ማከፋፈያ በኩል ሲሰካ ሊያንሰው ይችላል። በመሆኑም ዲስኩ አጭርና ደህንነቱ በተረጋገጠ ገመድ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላው ማስገቢያ ጋር ይያያዛል። ባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የ12 ቮልት አዳፕተር ያስፈልገዋል። ዲስኩ እየደጋገመ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ አንባቢው ጭንቅላት እየከሸፈ መሆኑን ስለሚያመለክት፣ ተጨማሪ ሙከራ የመረጃ ተሸካሚውን ገጽ እንዳይፍቀው ወዲያው መነቀልና ወደ መረጃ መላሽ ባለሙያ መወሰድ አለበት። ዲስኩን በፍሪጅ ማቀዝቀዝ ወይም ክዳኑን ከፍቶ ማየት፣ አንዱ በእርጥበት ሌላው በአቧራ፣ ሊድን የሚችለውን መረጃ ለጥፋት ይዳርጋል።

ዲስኩ ያለ እንግዳ ድምፅ የሚሽከረከር ከሆነ ሥርዓተ ክወናው ያየው እንደሆነ ይጣራል። በዊንዶውስ የስታርት ምልክት በቀኝ ጠቅ ተደርጎ «ዲስክ ማኔጅመንት»፣ በማክ «ዲስክ ዩቲሊቲ» ይከፈታል። ዲስኩ ትክክለኛ መጠኑን ይዞ ከተገኘ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ደህና ሆኖ ሳለ መለያ ፊደል ብቻ ከጎደለው ፊደሉን መስጠት፣ «ኦፍላይን» ከተባለም «ኦንላይን» ማድረግ ይበቃል። በሌላ ገመድና በሌላ ኮምፒውተርም ካልታየ የማገናኛ ሰሌዳው ይጠረጠራል፤ ሆኖም አንዳንድ ሰሌዳዎች መረጃውን ስለሚመሰጥሩ ዲስኩን ከሳጥኑ አውጥቶ በሌላ አዳፕተር ማንበብ ሁልጊዜ አይሠራም።

አንዳንድ ጊዜ ብልሽት ሳይኖር የፋይል ሥርዓቱ ብቻ ላይጣጣም ይችላል። በማክ በኤፒኤፍኤስ የተዘጋጀን ዲስክ ዊንዶውስ በራሱ አያነብም፤ ማክ ደግሞ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ኤክስፋት በሁለቱም ዘንድ ይሠራል፤ ነገር ግን ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብ መዝገብ ስለሌለው፣ ፋይል በሚገለበጥበት ጊዜ መብራት ሲጠፋ ወይም ገመዱ ሲነቀል ከኤንቲኤፍኤስ ይልቅ በቀላሉ ይጎዳል። እንዲህ ያለ ዲስክ ማክ ላይ ሲሰካ ሥርዓቱ ከበስተጀርባ ማጣራት ስለሚጀምርና ትልቅ ዲስክ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ቸኩሎ ከመንቀል ይልቅ ታግሦ መጠበቅ ይሻላል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ዊንዶውስ ዲስኩን «ሮው» ብሎ ሲመዘግበው፣ ማለትም የፋይል ሥርዓቱን መለየት ሲያቅተው ነው። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ «ስማርት» የሚባለው የዲስኩ የጤና መዝገብ እንደ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ባለ ፕሮግራም ይታያል፤ በተራ ቁጥር 5 የተተኩ፣ በ197 ደግሞ ለመነበብ ያስቸገሩ የዲስክ ክፍሎች ብዛት ሰፍሯል። የ197ኛው ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ ጥገናው ቀርቶ ቅጂው ይቀድማል። ለዚህ ተግባር በሊኑክስ የሚሠራው ነፃ ፕሮግራም ዲዲሬስኪው ተስማሚ ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ክፍል ገልብጦ ወደ አስቸጋሪው የሚመለሰው በኋላ ሲሆን፣ የደረሰበትንም ስለሚመዘግብ ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ተቀባዩ ዲስክ ከተጎዳው የማያንስ መጠን ሊኖረው ይገባል፤ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነም ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ጊዜ መረጋገጥ አለበት፤ መለዋወጣቸው መረጃውን ያጠፋልና።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በቅጂው ላይ ይከናወናል። ቴስትዲስክ የጠፋን የክፍልፍል ሠንጠረዥ ለመመለስ፣ ፎቶሬክ ደግሞ ማውጫ ሳያስፈልገው ፋይሎችን ከይዘታቸው ለይቶ ለማውጣት ያገለግላሉ፤ በፎቶሬክ የተገኙት ፋይሎች ግን በአብዛኛው የቀድሞ ስማቸውን ያጣሉ። ቼክዲስክ የተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የፋይል ሥርዓቱን ለማስተካከል እንጂ መረጃን ለማዳን ስላልተሠራ፣ በዋናው ዲስክ ላይ የሚሞከረው ፋይሎቹ በሌላ ዲስክ ተቀምጠው መከፈታቸው ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።