ሰባቱን ከዋክብት ማን አሰራቸው?

በኅዳር ወር ፀሐይ ከገባች በኋላ ወደ ምሥራቅ ብንመለከት፥ እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰቡ ጥቃቅን ከዋክብት እናያለን። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሰባቱ ከዋክብት» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ በዕብራይስጥ «ኪማ»፥ በግሪክ «ፕሌያድስ» ይባላሉ። ስማቸው ሰባት ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ያለ መሣሪያ የሚያየው ስድስቱን ብቻ ነው። ጋሊሌዎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1610 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በመነጽር ተመልክቶ 36 አድርጎ ሣላቸው። ዛሬ ከ1,000 በላይ መሆናቸው ታውቋል። አሁን የምናየውም ብርሃን ከእነርሱ የወጣው ከ440 ዓመት ያህል በፊት ነው።

እነዚህ ከዋክብት እንዲያው ባጋጣሚ ጎን ለጎን የታዩ አይደሉም። እርስ በርሳቸው እየተሳሳቡ በአንድነት ይጓዛሉ።

እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ኢዮብን የጠየቀው ስለ እነዚህ ከዋክብት ማሰሪያ ነበር (ኢዮ. 38፥31)። ኢዮብ የመከራውን ምክንያት ለማወቅ ይከራከር ነበር፤ አምላኩ ግን ምክንያቱን በመንገር ፈንታ ቀና ብሎ ሰማዩን እንዲያይ አደረገው። መጽሐፍ ቅዱስ የሥነ ፈለክ መማሪያ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ሰው ዛሬ የማሰሪያውን ኃይል ቢለካም፥ አንዲቱን ኮከብ እንኳ ከባልንጀራዋ ጋር ሊያስር አልቻለም። ስለዚህ ጥያቄው ለኢዮብ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ነው።

የቴቁሔው እረኛ ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 5 ፍርድ የሚያጣምሙትን ሲገሥጽ፥ የሰባቱን ከዋክብት ፈጣሪ እንዲፈልጉ ያዝዛቸዋል፤ በዚያው ምዕራፍ ኮከብን አምላክ ያደረጉትን ይወቅሳል።

በመካከላችን ግን የልጁን ጋብቻ፥ የጉዞውን ቀን፥ የሕመሙን መነሻ ከኮከብ ቆጣሪ የሚጠይቅ ክርስቲያን ዛሬም አልታጣም። ይልቁንም የሚያሳዝነው ቅዱስ መጽሐፍን የተማረ ሰው ቆጣሪ ሆኖ ሲገኝ ነው። ራስዋ በፈጣሪዋ የታሰረች ኮከብ የሰውን ዕድል እንዴት ልትፈታ ትችላለች?

እንግዲህ ከዋክብትን ለእውቀት ብንቆጥር መልካም ነው፤ ለዕድል ብንቆጥር ግን በአሳሪው ፈንታ የታሰረውን መለመን ይሆንብናል። በጨነቀን ጊዜ ጸሎትንና ንስሓን፥ በፍርድ ወንበር በተቀመጥንም ጊዜ እውነትን እንያዝ፤ አሞጽ እንደሚያስተምረን የከዋክብቱ ፈጣሪ ከእኛ የሚፈልገው ይህን ነውና።

ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።