አሮጌ የመገናኛ ሬዲዮን ወደ ዲጂታል ስለ ማሻሻል

መጋዘን፣ የጭነት መኪናዎች ወይም ሰፊ ቅጥር ግቢ ያለው ነጋዴ በልማድ ዎኪቶኪ የሚባለው የመገናኛ ሬዲዮ ያስፈልገዋል። በሥራ ላይ ካሉት ሬዲዮዎች ብዙዎቹ አናሎግ የሚባሉት የቀድሞ ዓይነቶች ናቸው። ሻጩ «ዲጂታል ይግዙ» ይላል፤ ጠጋኙ ደግሞ «ያለዎትን በሶፍትዌር አሻሽለዋለሁ» ይላል፤ ባለገንዘቡም በሁለቱ መካከል ይቸገራል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ማናቸውም ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት አሮጌው ሬዲዮ ሊሆን የሚችለውንና ሊሆን የማይችለውን ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏልና።

በመጀመሪያ የሁለቱን ልዩነት እንመልከት። አናሎግ ሬዲዮ የተናጋሪውን ድምፅ በቀጥታ በሬዲዮ ሞገድ ላይ ጭኖ ይልካል። ስለዚህ ሰሚው በራቀ መጠን ጫጫታው እየበረታ ንግግሩ እየደከመ ይሄዳል። ዲጂታል ሬዲዮ ግን ድምፁን አስቀድሞ ወደ ቍጥር ለውጦ ይልካል፤ ተቀባዩም በመንገድ ላይ የደረሰውን ጥቂት ስሕተት አርሞ እንደ ገና ድምፅ ያደርገዋል። ከዚህም የተነሣ ንግግሩ እስከ ክልሉ ዳርቻ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማና ዳርቻው ሲታለፍ ባንድ ጊዜ ይቋረጣል። ይህን ጠባይ ያልተማረ ሠራተኛ ሬዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል።

«ዲጂታል» የሚለው ቃል ብቻውን ግን አይበቃም፤ ደረጃዎቹ ብዙ ናቸውና። ለንግድ ቤቶች በሰፊው የሚሸጠው ዲ.ኤም.አር. የተባለው ሲሆን፣ የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ያወጣው ነው። ይህ ደረጃ 12.5 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ያለውን አንድ ቻናል እያንዳንዳቸው 30 ሚሊ ሰከንድ በሚቈዩ ሁለት ተራዎች ይከፍለዋል። በዚህም በአንድ ሪፒተር ላይ ሁለት ንግግሮች ሳይነካኩ ሊካሄዱ ይችላሉ። አስተላላፊው ኃይል የሚፈጀው በተራው ብቻ ስለ ሆነ ባትሪውም ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። ከዚህ ሌላ ቴትራ፣ የአሜሪካው ፒ 25፣ እንዲሁም አይኮምና ኬንዉድ በጋራ ያወጡት ኤን.ኤክስ.ዲ.ኤን. አሉ። በአንዱ ደረጃ ብቻ የሚሠራ ሬዲዮ የሌላውን ዲጂታል ንግግር አይሰማም። እንግዲህ የዋጋ ማቅረቢያው ወረቀት የደረጃውን ስም ካልጻፈ ይጻፍ ማለት ይገባል።

ሁለተኛው ጕዳይ የሶፍትዌር ድርሻ ነው። ሶፍትዌር በኮምፒዩተርና በገመድ አማካይነት ለሬዲዮው ፍሪኩዌንሲውን፣ ቻናሉንና የጥሪውን ሥርዓት የሚሞላ ነው። ለምሳሌ ሞቶሮላ ጂፒ 300 የሚሞላው ዶስ በተባለው የጥንት የኮምፒዩተር ሥርዓት በሚሠራ ፕሮግራምና በልዩ ማገናኛ ሣጥን ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጂፒ 340 በዊንዶውስ ይሞላል። ሆኖም ሁለቱም አናሎግ ናቸው፤ ድምፅን ወደ ቍጥር የሚለውጠው ክፍል በውስጣቸው ስለሌለ ማናቸውም አዲስ ሶፍትዌር ዲጂታል ሊያደርጋቸው አይችልም። ቻናል መጨመር፣ ወይም ዓይነቱ የሚፈቅድ ሲሆን የቻናሉን ስፋት ከ25 ወደ 12.5 ኪሎ ኸርዝ ማጥበብ ግን ይቻላል።

በሌላ በኩል አካላቸው ለዲጂታል የተሠራ፣ ነገር ግን በአናሎግ ብቻ እንዲሠሩ ተደርገው የተሸጡ ሬዲዮዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሞቶሮላ ዲፒ 1400 ሲሆን፣ በአናሎግ ዓይነት የተገዛው ክፍያ ተከፍሎ በሶፍትዌር ወደ ዲጂታል ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ የጠጋኙ ቃል እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል፤ ቍርጡ የሚታወቀው በሬዲዮው ጀርባ ከተጻፈው የሞዴልና የመለያ ቍጥር ነው። ሁለቱን ቍጥሮች ያልጠየቀ ጠጋኝ ዋጋ ቢናገር አይታመን።

ሦስተኛው የመሸጋገሪያው ሥርዓት ነው። ለንግድ የሚሸጡት የዲ.ኤም.አር. ሬዲዮዎች አብዛኛዎቹ በአናሎግም ይሠራሉ። ይህም ለነጋዴ ትልቅ ጥቅም ነው። አንድ ድርጅት 20 አሮጌ ሬዲዮዎች አሉት እንበል። በየጊዜው አምስት አምስት አዳዲስ እየገዛ፣ አዲሶቹን ለጊዜው በአሮጌዎቹ የአናሎግ ቻናል ማሠራት ይችላል። የመጨረሻዎቹ አምስት ሲገቡ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ወደ ዲጂታል ይለወጡ። ግማሹ ሠራተኛ በአዲሱ ግማሹ በአሮጌው ከቈየ፣ የበሩ ዘበኛ «እሳት!» ብሎ ሲጣራ የመጋዘኑ ሰው ሳይሰማው ሊቀር ይችላል። በለውጡም ቀን የሁሉም ፍሪኩዌንሲ፣ ከ0 እስከ 15 የሚቈጠረው የቀለም ኮድ፣ የጊዜ ተራውና የቡድኑ ቍጥር አንድ መሆኑ፣ እያንዳንዱም ሬዲዮ የራሱ መለያ ቍጥር ያለው መሆኑ በጥሪ ይፈተን። የቀድሞው ባትሪ፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ከአዲሱ ጋር ላይገጥም ስለሚችል ዋጋቸው አብሮ ይጠየቅ።

አራተኛው የፋይሉ ባለቤትነት ነው። ማናቸውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት በአሮጌው ሬዲዮ ውስጥ ያለው አሞላል ተነብቦ በፋይል ይቀመጥ። በምሠራበት መደብር አንድ ባለሙያ ሬዲዮዎቹን በይለፍ ቃል ዘግቶ ፋይሉን ሳያስረክብ በመሄዱ፣ አንድ ቻናል ለመጨመር ስንፈልግ ሁሉንም ከመጀመሪያው ማስሞላት ግድ ሆነብን። ከዚያ ወዲህ ፋይሉና የይለፍ ቃሉ ለድርጅቱ እንዲሰጡ በውላችን ውስጥ ይጻፋል፤ በጽሕፈት ቤቱም መዝገብ የሬዲዮው ሞዴል፣ መለያ ቍጥር፣ የያዘው ሰው ስምና የተሞላበት ቀን ይመዘገባል። ደግሞም በአዲስ ሶፍትዌር የተዘጋጀን ፋይል የቀድሞው ሶፍትዌር ላይከፍተው ስለሚችል፣ የሶፍትዌሩ እትም ቍጥር ከመዝገቡ አይጕደል።

አምስተኛውና የማይታለፈው ፈቃድ ነው። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው፣ የመሣሪያውንም ዓይነት መርምሮ የሚያጸድቀው በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሶፍትዌር ፍሪኩዌንሲን በደቂቃ ቢለውጥ፣ ፈቃድን ግን አይተካም። ስለዚህ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ለመዛወር ያሰበ ባለፈቃድ አስቀድሞ ባለሥልጣኑን ይጠይቅ፤ አስመጪም ዕቃው ጕምሩክ ከመድረሱ ሳይሆን ትእዛዙ ከመላኩ በፊት የዓይነት ማጽደቂያውን ነገር ይጨርስ።

በተለይ ያገለገሉ ሬዲዮዎችን በርካሽ የሚያስመጡ ነጋዴዎች አንድ ነገር ያስታውሱ። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ150 እስከ 174 እና ከ421 እስከ 470 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል የሚሠሩ የንግድ ሬዲዮዎች በአውሮፓ አቈጣጠር ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ወደ 12.5 ኪሎ ኸርዝ እንዲጠብቡ አዝዟል። በ25 ኪሎ ኸርዝ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ዋጋው ወድቋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በርካሽ ገዝቶ ወደ ዲጂታል ይሻሻላል ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማሳሳት፣ የራስንም ስም ማጥፋት ነው።

በአጭሩ ሻጭም ሆነ ጠጋኝ ሲመጣ አምስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይቅረቡለት፤ ሞዴሉና መለያ ቍጥሩ ምንድን ነው? ደረጃው የትኛው ነው? በአናሎግም ይሠራል? ፋይሉንና የይለፍ ቃሉን ማን ይይዛል? ፈቃዱስ ተገኝቷል? ለአምስቱም በጽሑፍ መልስ የሰጠ ሰው ዋጋው ጥቂት ቢበልጥ እንኳ ሊመረጥ ይገባዋል። አንዱን የሸሸ ግን፣ የሸሸው ነገር በኋላ በገዢው ሒሳብ ላይ ይወድቃል።