ዕጣ የምታወጣው ሽክርክሪት

ዳይስ ከቁማር ጋር ስለተቆራኘ በጨዋ ቤት የማይገባበት ዘመን ነበር። በጨዋታ ልጆችን ማስተማር የፈለጉ አሳታሚዎች ታዲያ በዳይስ ፈንታ ትንሽ ሽክርክሪት ተጠቀሙ። በመሃሏ ዘንግ ያላት፣ በየጎኗ ቁጥር የተጻፈባት ይህች ሽክርክሪት በሁለት ጣት ተጠምዝዛ ትለቀቃለች፤ ደክማ ስትወድቅ ጠረጴዛውን የነካው ጎን ተጫዋቹ ስንት ቤት እንደሚራመድ ይወስናል። ጆን ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1759 በለንደን ያሳተመው የአውሮፓ ጉዞ ጨዋታ በዚህ ዘዴ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ሰሌዳው ካርታ ነው፤ ሮም ላይ ያረፈ ተጫዋች ወደ አይስላንድ ተባርሮ ሦስት ተራ ያልፈዋል። ሚልተን ብራድሌይም በ1860 በአሜሪካ ባወጣው የሕይወት ጨዋታ ባለ 6 ጎን ሽክርክሪት እንጂ ዳይስ አላስገባም።

የእኛ አገር ገበጣ ዕጣ አያውቅም፤ ጠጠሩን ቆጥሮ አስቀድሞ ያሰላ ያሸንፋል። በቆርኪ የምንጫወተው ዳማም እንዲሁ ነው። የሽክርክሪት ፊዚክስ ግን ለቤታችን እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉበት እንዝርት ከዚያው ቤተሰብ ነው። በእንዝርቱ ላይ የተሰካው ክብ ክብደቱን ከዘንጉ አርቆ ስለሚይዝ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያውን ያሳድጋል፤ አንዴ ከተሽከረከረም ቶሎ አይቆምም።

በምንኖርበት በገላን ኮንዶሚኒየም ከጎረቤት ተማሪዎች ጋር እንዲህ ያለ ሽክርክሪት ከካርቶን ሠርተን ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በኮምፓስ 3 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ይሣላል፤ የኮምፓሱ ስፋት ሳይለወጥ ዙሪያው 6 ጊዜ ይለካል፤ ነጥቦቹ በመስመር ተያይዘው ይቆረጡና በመሃል የክብሪት እንጨት ይሰካል። ጨዋታው እንደተጀመረ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ልጅ የሚፈልገውን ቁጥር ደጋግሞ ያወጣል። «ያጭበረብራል!» ተባለ። እኛ ግን እጁን ተመለከትን፤ ሽክርክሪቷን የሚጠመዝዛት እጅግ በቀስታ ነበር።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። ሰበቃው ቋሚ ነው ብንል፣ ሽክርክሪቷ እስክትቆም የምትዞረው ጠቅላላ ዙር ከመነሻ ፍጥነቷ ካሬ ጋር ቀጥተኛ ተዛማጅ ነው። ስለዚህ የጣታችን ኃይል ፍጥነቱን በ5 ከመቶ ቢያዛባ ዙሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይዛባል። 40 ዙር ለምትዞር ሽክርክሪት ይህ 4 ዙር፣ ማለትም 24 ጎን ነው፤ የትኛው ጎን እንደሚወጣ ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። 2 ዙር ብቻ ለምትዞር ግን መዛባቱ 0.2 ዙር፣ ከአንድ ጎን እምብዛም የማይበልጥ ነው። የኒውተን ሕግ በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ ዕጣ የሚሆነው ትንሿ ስሕተት ስትባዛ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖንካሬ በ1896 ባሳተመው የፕሮባብሊቲ መጽሐፍ ስለ ሩሌት ያነሣው ሐሳብም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ከ5 ሴኮንድ በፊት የወደቀች ሽክርክሪት እንዳትቆጠር ደነገጉ። ሕጋቸው፣ በእኛ አስተያየት፣ ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ማብራሪያ የተሻለ ነው።

ሽክርክሪቷ ልትወድቅ ስትል ዘንጓን አስተውሉ። ብዙ ተማሪዎች ስትደክም ሁሉ ነገሯ የሚዘገይ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የዘንጉ ዙረት ፍጥነት የሚገኘው የስበት ቶርክ ለአንጉላር ሞመንተም ሲካፈል ነው፤ አካፋዩ ሲያንስ ድርሻው ይበልጣል። ስለዚህ ሽክርክሪቷ እየዘገየች ስትሄድ ዘንጓ እየፈጠነ ይዞራል።

ሽክርክሪታችሁ ፍትሐዊ መሆኗን ለመፈተሽ 60 ጊዜ አሽከርክሩና የእያንዳንዱን ጎን ውጤት መዝግቡ። የሚጠበቀው በየጎኑ 10 ሲሆን ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 2.9 ገደማ ነው፤ 8 ወይም 13 ቢወጣ አትደንግጡ። ለእያንዳንዱ ጎን ከ10 ያለውን ልዩነት ካሬ አድርጋችሁ ለ10 አካፍሉ፤ ስድስቱንም ደምሩ። ድምሩ ከ11.07 ከበለጠ ሽክርክሪቷን ጠርጥሩ፤ ፍትሐዊ ሽክርክሪት ይህን ያህል የምታሳየው ከ100 ሙከራ በ5ቱ ገደማ ብቻ ነውና። ቀጥሎ 3 ቁጥር አጠገብ አንድ ጠብታ የሻማ ሰም አንጠባጥቡና ሌላ 60 ጊዜ ሞክሩ።