የፍሳሽ ቦይ ሲቆፈር የጋዝ መስመር እንዴት ይዛወራል?

በሐረር ከተማ ጋዝ የሚገኘው በሲሊንደር ተሞልቶ እንጂ በመንገድ ሥር በተቀበረ ቧንቧ አይደለም። ይሁን እንጂ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና አንዳንድ መኖሪያ ቤቶች ሲሊንደሩን በግቢ አኑረው ጋዙን በቀጭን የመዳብ ወይም የብረት ቧንቧ እስከ ምድጃው ያደርሱታል። በግቢው የፍሳሽ ቦይ ሲቆፈር ይኸው ቧንቧ ከሥራው መንገድ ላይ ይገኛልና አዛዋወሩን ማወቅ ለቤቱ ባለቤትም፣ ዕቃውን ለሚሸጠው ነጋዴም ይጠቅማል።

አስቀድሞ የጋዙን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉት ናቸው። ፕሮፔን ከአየር 1 ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ደግሞ 2 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ሲያፈተልክ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ዝቅተኛውን ስፍራ ፈልጎ ይወርዳል፤ ቦይ ወይም ጉድጓድ ሲያገኝም በዚያ ይጠራቀማል። ከአየሩ ውስጥ 2 በመቶ ያህሉን ከያዘ በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል።

ነዳጅና ፍሳሽ ሲገናኙ የሚደርሰውን ጥፋት የሜክሲኮዋ ከተማ ጓዳላሃራ አይታዋለች። በዚያ አንድ የውሃ ቧንቧ ከቤንዚን ማስተላለፊያ ቧንቧ ጋር ተጠግቶ በመቀበሩ የቤንዚኑ ቧንቧ ዝጎ ተበሳ፤ ቤንዚኑም ወደ ፍሳሹ መስመር ገባ። ሚያዝያ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. መንገዶቹ ፈንድተው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ የተከበበው ጁገል ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ነው። በውስጡ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው ስለተሠሩ፣ ካንዱ ቤት የተነሣ እሳት የጎረቤትን ቤትና ሸቀጥ ሳይነካ አይቀርም። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑም፣ የጥንት ቤት ግድግዳ ከመበሳቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው፤

1ኛ/ ከቁፋሮው በፊት የጋዙ መስመር በየት እንደሚያልፍ በወረቀት ይነደፍ።

2ኛ/ የሲሊንደሩ ቫልቭ ይዘጋ፤ በቧንቧው የቀረው ጋዝ በምድጃው ላይ ተቃጥሎ ይለቅ። ከዚያም ሲሊንደሩ ተፈትቶ ከቁፋሮው ርቆ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የቧንቧው ጫፎች በክዳን ይታሸጉ። በጨርቅ መወተፍ አይበቃም።

3ኛ/ አዲሱ መስመር ከፍሳሹ ቱቦ ጋር በአንድ ጉድጓድ አይቀበር፤ በግድግዳ ላይ ለዓይን በሚታይበት ስፍራ ይሰቀል። ግድግዳ የሚያቋርጥ ከሆነ ሰፋ ባለ ሌላ ቧንቧ ውስጥ ይለፍ።

4ኛ/ ሲሊንደሩ ከቦይና ከቱቦ አፍ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። በቤት ውስጥ ያለው የፍሳሽ አፍ ሲፎን ይኑረው። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ሲፎኑ ይደርቅና ለጋዝ መግቢያ ስለሚሆን፣ አልፎ አልፎ ጥቂት ውሃ ይፍሰስበት።

5ኛ/ በመጨረሻ መጋጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ ያፈተልካል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይገባም።

ይህን ሥራ የጋዝ ሙያ ያለው ሰው እንጂ ቦይ ቆፋሪው አይሠራውም። የሁለቱም ድርሻና ክፍያ በውል ተለይቶ ቢጻፍ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ነጋዴውም የራሱ ኃላፊነት አለበት። አስመጪው የሚያመጣው መቆጣጠሪያ በገበያው ከሚገኘው ሲሊንደር አፍ ጋር የሚገጥም መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ባለሱቁም ለጋዝ የተሠራውንና ዘመኑ ያላለፈበትን ጎማ ይሽጥ፤ ተራው የውሃ ጎማ በጋዙ ተበልቶ ይሰነጠቃልና። ከአንድ ሜትር ጎማ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ በዚያው ጎማ ምክንያት የሚነሣው እሳት ግን የገዢውንም የሻጩንም ሱቅ ሊያጠፋ ይችላል።