የወይዘሮ ርብቃ ነርስ ክስና የማስረጃ ነገር

ስለ ሴለም የጥንቆላ ፍርድ ሲነሣ፥ ብዙ ጊዜ «የዘመኑ ሰው አላዋቂ ነበርና» ተብሎ ይታለፋል። ይህ መልስ ግን አይበቃም። ፍርዱ የተሰጠው ዳኛ፥ ምስክርና የጽሑፍ ክስ ባለበት ችሎት ነው። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባን፥ ሥርዓት እያለ ንጹሕ ሰው ለምን ተሰቀለ ብለን ነው።

ወይዘሮ ርብቃ ነርስ በማሳቹሴትስ፥ በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት፥ በሴለም መንደር የሚኖሩ የ71 ዓመት አሮጊት ነበሩ። ፒዩሪታን በሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ዘንድ በምግባራቸው የተመሰገኑ ነበሩ። በማርች 1692 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አንዳንድ ልጃገረዶችና ሴቶች «መንፈሷ እየመጣ ያሠቃየናል» ብለው ከሰሷቸው። ይህን መንፈስ ከከሳሾቹ በቀር ያየው የለም። ተከሳሿ በዚያ ሰዓት ቤታቸው ተኝተው ነበር ቢባል እንኳ፥ መንፈሳቸው ወጥቶ ሄደ ይባላል። እንዲህ ያለውን ማስረጃ በምን ያስተባብሉታል?

39 ጎረቤቶች ስለ መልካም ጠባያቸው ፈርመው መሰከሩ። በጁን መጨረሻ ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆችም በመጀመሪያ ነጻ ናቸው አሉ። ወዲያው ከሳሾቹ ጮኹ። የዳኞቹ አለቃ ዊልያም ስቶውተን አንድ ቃል አስታወሰ፤ ወይዘሮ ርብቃ ጥንቆላዋን ያመነች እስረኛ ለምስክርነት ስትቀርብ «ከእኛ አንዷ ናት» ብለው ነበርና። ትርጉሙን ቢጠየቁ ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም እንደ ማመን ተቈጠረ። በኋላ እንዳስረዱት ግን፥ አብራን የታሰረች ማለታቸው ነበር፤ ጥያቄውንም ጆሯቸው ስለ ደከመ አልሰሙትም። ጁላይ 19 ቀን ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር ተሰቀሉ።

በጠቅላላው 19 ሰዎች ተሰቅለዋል። አድርጌአለሁ ብሎ ያመነው ሲተርፍ፥ አላደረግሁም ያለው ሞተ። በኦክቶበር 1692 አገረ ገዥው ዊልያም ፊፕስ ያንን ችሎት ዘጋው። በ1693 በተተካው ችሎት የመንፈስ ምስክርነት ስላልተቀበሉ፥ አብዛኞቹ ተከሳሾች ነጻ ወጡ።

ልብ ልንለው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ ነው። በ1693 ሕዝቡ በጥንቆላ ማመኑን አልተወም፤ የተለወጠው የማስረጃው ሕግ ብቻ ነው። ሰውን ያዳነው የእውቀት መስፋፋት ሳይሆን፥ ተከሳሽ ሊያስተባብለው የማይችለው ነገር ማስረጃ አይሁን መባሉ ነው።

በ1711 ቅኝ ግዛቱ የወይዘሮ ርብቃን ፍርድ ሻረ፤ ለቤተ ሰባቸውም ካሣ ከፈለ። እርሳቸው ከሞቱ ግን 19 ዓመት አልፎ ነበር።