የአሠራር ገለጻ ድርሰት፦ የተጣበቀ የሌንስ ዲያፍራም አጠጋገን

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ጽሑፍ የአሠራር ገለጻ ድርሰት ይባላል። ጸሐፊው፣ አንባቢው ጽሑፉን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሥራውን እንደሚጀምር ማሰብ አለበት። አንድ ርምጃ ቢዘነጋ ወይም ተራውን ቢለቅ የሚበላሸው ድርሰቱ ብቻ ሳይሆን ዕቃውም ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

በካሜራ ሌንስ ውስጥ የብርሃኑን መግቢያ የሚያሰፋውና የሚያጠብበው ክፍል ዲያፍራም ይባላል። የተሠራውም እርስ በርሳቸው ከተደራረቡ ስስ የብረት ቅጠሎች ነው። በሶቪየት ኅብረት ለዜኒት ካሜራ በተሠራው ሄሊዮስ 44ኤም ሌንስ የዲያፍራም ቀለበት ላይ ከ2 እስከ 16 የሚደርሱ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ከ2 ወደ 2.8፣ ከዚያም ወደ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11 እና 16 በተሄደ ቁጥር የሚገባው ብርሃን በየርምጃው በግማሽ ይቀንሳል።

ፎቶግራፍ አንሺው በካሜራው ሲመለከት ዲያፍራሙ ክፍት ነው፤ ወደ ተመረጠው ቁጥር የሚጠብበው ቁልፉ ሲጫን ብቻ ነው። ዓመታት ሲያልፉ የርቀት ማስተካከያው የተቀባው ግራሶ በሙቀት ምክንያት ዘይቱን ይለቃል፤ ዘይቱም ወደ ቅጠሎቹ ይሰርጋል። ያን ጊዜ ቅጠሎቹ ስለሚጣበቁ ቀጭኑ ስፕሪንግ ፈጥኖ ሊያንቀሳቅሳቸው አይችልም። ቀለበቱ 16 ላይ ሆኖ ዲያፍራሙ 2 ላይ ቢቀር፣ ወደ ፊልሙ የሚደርሰው ብርሃን ከተፈለገው 64 እጥፍ ይሆናል። አንሺው ይህን የሚያውቀው ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ነው፤ ሠርጉ ወይም ምረቃው ግን አልፏል።

ለጥገናው በመጀመሪያ ሌንሱ ከካሜራው ይፈታል። መቀየሪያው ወደ አውቶማቲክ፣ ቀለበቱም ወደ 16 ተደርጎ፣ በሌንሱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ዘንግ በጣት ትጫናለች። ቅጠሎቹ ወዲያው ካልተዘጉ፣ ወይም ዘንጓ ስትለቀቅ ፈጥነው ካልተከፈቱ፣ ችግሩ ተረጋገጠ ማለት ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ክፍል የነበረበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ የፊተኞቹ መስተዋቶችም በተስማሚ መፍቻ ተፈትተው በንጹሕ ጨርቅ ላይ በወጡበት ተራ ይደረደራሉ። በተለይ የርቀት ማስተካከያው ጥርስ ከተላቀቀና ያለ ምልክት ከተገጠመ፣ ሌንሱ ሩቁን ነገር አጥርቶ ላያሳይ ይችላል።

ከዚያም መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት ስፍራ፣ በንጹሕ የላይተር ቤንዚን የራሰ ጥጥ በቅጠሎቹ ላይ በቀስታ ይታሻል። ዲያፍራሙ እየተከፈተና እየተዘጋ፣ ጥጡ ሳይቆሽሽ እስኪወጣ ድረስ እጥበቱ ይደጋገማል። ቤንዚኑ ሲተን የተረፈው ዘይት ተመልሶ ቅጠሎቹን ሊያጣብቅ ስለሚችል፣ ከደረቁ በኋላ እንደገና ይፈተናሉ። በመጨረሻ መስተዋቶቹ በምልክታቸው መሠረት ይገጠማሉ። ቅጠሎቹ ግን ዘይት አይቀቡም፤ የሚሠሩት ደርቀው ነውና።

ለ. ማብራሪያ

1. «በመጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ ከዚያም፣ በመጨረሻ» የሚሉት ቃላት ርምጃዎቹን በተራቸው ያያይዛሉ።

2. ቦዝ አንቀጽ ቀድሞ የተፈጸመውን ድርጊት ያመለክታል። «መስተዋቱን ፈትቶ ዲያፍራሙን አጠበ» እና «ዲያፍራሙን አጥቦ መስተዋቱን ፈታ» የሚሉትን አስተያዩ። ግሦቹ አንድ ናቸው፤ ተራቸው ሲለወጥ ግን ሥራው ይፈርሳል። ሁለተኛውን የተከተለ ሰው ቤንዚኑን የሚያፈሰው በመስተዋቱ ላይ ነው።

3. ክልከላ ከነምክንያቱ ይጻፋል። ሲጢጥ የሚል በር ዘይት ሲቀባ ያየ ሰው፣ ምክንያቱን ካልተረዳ ቅጠሎቹንም ይቀባል።

ሐ. መልመጃ

1. ዲያፍራሙ መጣበቁ ፊልሙ ከመታጠቡ በፊት የማይታወቀው ለምንድን ነው?

2. ቅጠሎቹ ከደረቁ በኋላ እንደገና መፈተን ያለባቸው ለምንድን ነው?

3. «ትጫናለች፣ ይደረደራሉ፣ ይታሻል፣ ይገጠማሉ» የሚሉትን ግሦች ወደ ትእዛዝ አንቀጽ ለውጡ። ምሳሌ፦ ይፈታል — ፍታ፣ ፍቺ፣ ፍቱ።

4. «ቢቀር»፣ «ስለሚችል» እና «እስኪወጣ ድረስ» በሚሉት እየተጠቀማችሁ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።

5. የተነፈሰ የብስክሌት ጎማ አለጣጠፍን ወይም በሚገባ የምታውቁትን ሌላ ሥራ በሦስት አንቀጽ ግለጹ። ከጨረሳችሁ በኋላ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አንብቡለት። እርሱ አቋርጦ «ከዚያስ?» ብሎ የጠየቀበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉበት፤ የዘነጋችሁት ርምጃ እዚያ ነውና ጨምራችሁ እንደገና ጻፉ።